ድመት ፀጉሯን ለምን ትነጫለች?

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናነሳው ስለ ሰው ጤናና አመጋገብ ነው። በዚህ ዕትም ግን ከእኛ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስለምትኖረው ድመት ልንነጋገር ወደናል። ድመት በሙስሊሙ ቤት እንደ ባዕድ አትታይም። የጠጣችበት ውኃ እንደማይነጀስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸው፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ታሪክም በየመድረሳው የሚነገር መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ በቤታችን ያለች ድመት ስትታመም ነገሩ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። ከዚህም ሌላ የእርሷ ሕመም አንዳንዴ ወደ ልጆቻችን የሚተላለፍ፣ አንዳንዴም የእኛው ምግብ ያመጣባት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ቤተሰብን ግራ ከሚያጋቡት የድመት ችግሮች አንዱ ፀጉር መንጨት ነው። ድመቷ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ የታመመች አትመስልም። ነገር ግን ሆዷ ወይም የኋላ እግሮቿ የውስጥ በኩል፣ አንዳንዴም ወገቧ ከጅራቷ በላይ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ቆዳዋ ይገለጣል። በቤት ውስጥ ያኔ ክርክር ይነሳል። አያት "ብርድ መቷት ነው" ይላሉ። እናት "እከክ ነው፣ ልጆቹን ሳታስይዝ ከቤት ትውጣ" ትላለች። ትልቁ ልጅ ደግሞ አንድ ቦታ ያነበበውን ይዞ "ተጨንቃ ነው" ይላል። አንዱ ነጭ ጋዝ፣ ሌላው ቅባት ይዞ ይመጣል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መንስኤው ሳይታወቅ የተሰጠ መድኃኒት ከሕመሙ ይልቅ ድመቷን የሚገድልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምላሷ ማበጠሪያዋ

ድመት ራሷን መላሷ በራሱ በሽታ አይደለም። ጤነኛ ድመት ከእንቅልፍና ከዕረፍት ውጪ ካለው ጊዜዋ ጥቂት የማይባለውን ፀጉሯን በማጽዳት ታሳልፈዋለች። ምላሷን በእጁ የነካ ሰው እንደ ሞረድ የሚሻክር ነገር ይሰማዋል። ያ ሸካራነት ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን እሾሆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሌክሲስ ኖኤልና ዴቪድ ሁ የተባሉ በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እነዚህ እሾሆች ጫፋቸው እንደ ማንኪያ የተቦረቦረ መሆኑን፣ ድመቷም በእነርሱ ምራቋን እየቀዳች ወደ ፀጉሯ ሥር እንደምታደርስ አሳይተዋል። ምራቁ ያጸዳታል፣ ሲተንም ያቀዘቅዛታል።

መላስ ሌላም ጥቅም አለው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ኤክስታይንና ሃርት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቁንጫ ባለበት ቤት ከሚኖሩ ድመቶች ለአንዳንዶቹ መላስ እንዳይችሉ አንገታቸው ላይ ጥልቆ አደረጉባቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲቆጠር እነዚህ ድመቶች ጥልቆ ካልተደረገባቸው ይልቅ እጥፍ ያህል ቁንጫ ተገኘባቸው። ድመት በምላሷ ቁንጫ ትለቅማለች ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ ያለ ልክ ሲሠራ ፀጉሩን ይሰብረዋል። ብዙ ሰው "ድመቴ ስትልስ አላየኋትም፣ ፀጉሯ በራሱ ነው የሚረግፈው" ይላል። ድመት ግን ብዙውን ጊዜ የምትልሰው ሰው በሌለበት፣ ከአልጋ ሥር ወይም ሌሊት ነው። ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። የተመለጠውን ቦታ በጣት ሲያሹት እንደ ተላጨ ጢም የሚወጋ ከሆነ ፀጉሩ ተሰብሯል እንጂ አልረገፈም። በዓይነ ምድሯ ወይም በትውከቷ ውስጥ የተጠቀለለ ፀጉር መብዛቱም ሌላው ምልክት ነው። የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ጥቂት ፀጉር ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ጫፉ ሾጣጣ ከሆነ ፀጉሩ በራሱ ረግፏል፤ የተቆረጠና የተሰነጠቀ ከሆነ ምላስና ጥርስ ሠርቶበታል።

"ጭንቀት ነው" ከማለት በፊት

ለረጅም ጊዜ እንዲህ ዓይነት ድመት ስትቀርብ ብዙ ባለሙያም "የአእምሮ ጭንቀት ነው" ብሎ ይፈርድ ነበር። ቆዳዋ ላይ ቁስል የለም፣ ቁንጫም አልታየም፣ ስለዚህ ነገሩ ከጭንቀት ነው ይባል ነበር። ይህን አስተሳሰብ ክፉኛ ያናጋው በ2006 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው የዌይስግላስና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ጥናቱ "ጭንቀት ነው" ተብለው የተጠረጠሩ 21 ድመቶችን ወስዶ አንድ በአንድ መረመረ። ቆዳቸው ተፋቀ፣ ከቆዳቸው ናሙና ተወሰደ፣ የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ተሞከረላቸው፣ ምግባቸው ተለወጠ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከ21ዱ 16ቱ የአካል ሕመም ተገኘባቸው። ሦስቱ ሕመሙም ጭንቀቱም አብሮ ነበረባቸው። ጭንቀት ብቻ የሆነባቸው ሁለት ድመቶች ናቸው። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የወጣው መንስኤ ደግሞ የማይስማማ ምግብ ሲሆን በ12 ድመቶች ላይ ተረጋግጧል። ጥናቱ የተሠራው በጥቂት ድመቶች ላይ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም "ተጨንቃ ነው" ብሎ ቤት መቀመጥ የሚያሳክካትን ወይም የሚያማትን እንስሳ ያለ ሕክምና መተው መሆኑን ለማየት ይበቃል። ድመት ስታሳክካት እንደ ውሻ በእግሯ ብቻ አትፎክትም፤ ትልሳለች።

ቁንጫ ሳይታይ ቁንጫ

ስለ ቁንጫ ሲነሳ ባለቤቱ "የእኔ ድመት ቁንጫ የለባትም" ማለቱ የተለመደ ነው። አይፈረድበትም፤ ከላይ እንዳልነው እየለቀመች ስለምትውጠው አይታየውም። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለባት ድመት ደግሞ ብዙ ቁንጫ አያስፈልጋትም። ጥቂት ንክሻ ለቀናት ያሳክካታል። በአብዛኛው የሚመለጠው ወገቧ፣ የጅራቷ ሥርና የኋላ እግሮቿ ናቸው። በአንገቷ ዙሪያ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ጤፍ የሚሻክር ጥቃቅን ቅርፊት ሊኖር ይችላል።

መኖሩን ለማወቅ ቅማል ማበጠሪያ በቂ ነው። ድመቷን ከወገቧ ላይ አበጥሩና የወጣውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፉት። ብናኙ ዙሪያውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ አፈር አይደለም። ቁንጫው የጠጣው ደም ተመልሶ የወጣበት ኩስ ነው።

ድመቷን ብቻ ማከም ለምን እንደማይበቃም መረዳት ያስፈልጋል። በድመቷ ላይ የምናየው አዋቂ ቁንጫ በቤቱ ውስጥ ካለው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ዕንቁላል፣ እጭና ኩብኩባ ሆኖ በምንጣፍ፣ በፍራሽ፣ በመጅሊስ ትራስ ሥርና በወለል ስንጥቅ ውስጥ ይኖራል። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 40 ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ኩብኩባም ሰው ወይም እንስሳ እስኪመጣ ለወራት መጠበቅ ይችላል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ የሚወረው ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ድመቷ የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ምንጣፉን ማውጣትና ማራገፍ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ስንጥቁን መጥረግ ከመድኃኒቱ እኩል ሥራ ነው። ይህም ለተከታታይ ሳምንታት መደጋገም አለበት። ምንጣፍ በሚበዛበት ቤታችን እንዲህ ያለው ጽዳት ለልጆችም ይጠቅማል፤ የድመት ቁንጫ ሰውንም ይነክሳል፣ ሳያውቅ የዋጠውን ሕፃንም ከኮሶ ወገን የሆነ ትል ሊያሲዘው ይችላል።

ለድመት የተሠሩና በአንገቷ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠቡ መድኃኒቶች አሉ፤ ፊፕሮኒልና ሴላሜክቲን የሚባሉት የታወቁ ናቸው። መጠናቸው በክብደቷና በዕድሜዋ ስለሚወሰን ከእንስሳት ሐኪም መቀበል ይገባል።

የምግቧ ነገር

ዓምዳችን የአመጋገብም በመሆኑ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የድመት የምግብ አለርጂ የሚነሳው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከአዲስ ምግብ አይደለም። ለወራት ወይም ለዓመታት ስትበላው ከቆየችው ፕሮቲን ነው። እስካሁን በተጻፉ ጥናቶች በድመት ላይ በብዛት የተመዘገቡት የበሬ ሥጋ፣ ዓሣና ዶሮ ናቸው። "ይህንኑ ነው ሁልጊዜ የምሰጣት፣ ምንም ሆና አታውቅም" የሚለው ክርክር እንግዲህ አያስኬድም።

በደም ምርመራ ይህን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የታመነው መንገድ ምግቧን መለወጥ ነው። ድመቷ ከዚህ በፊት ቀምሳው የማታውቀው አንድ የሥጋ ዓይነት ይመረጥና ለስምንት ሳምንታት ያህል ከእርሱ በቀር ምንም አይሰጣትም። የበሬ ጥራጊና ወተት ስትበላ ለኖረች፣ ዶሮና ዓሣ ግን እምብዛም ላልቀመሰች ድመት የተቀቀለ ዶሮ ሊሆን ይችላል። የበሬ ሥጋ የማይስማማት የበግና የፍየል ሥጋም ላይስማማት ስለሚችል ከበሬ ወደ በግ መዞር ፈተናውን ያበላሸዋል። በእነዚህ ሳምንታት ወተት የለም፣ ከልጆች ማዕድ የሚወረወር ፍርፋሪ የለም፣ ጎረቤት የሚሰጣት አጥንትም የለም። አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት አንዱ በድብቅ ያቀመሳት ቁራሽ የአንድ ወር ድካም ያስቀራል። ማሳከኩ ከቀነሰ የቀድሞው ምግብ ይመለስላትና ይታያል፤ እንደገና መንጨት ከጀመረች መልሱ ተገኘ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የተቀቀለ ሥጋ ብቻ ለድመት የተሟላ ምግብ አይደለም፤ ታውሪን የሚባለውና ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ንጥረ ነገር፣ ካልሲየምም ያንሰዋል። ስለዚህ ፈተናው ለአዋቂ ድመት፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በሐኪም ምክር የሚደረግ ነው። ለግልገል አይሆንም። ሁለተኛው፣ ድመት "ሲርባት ትበላዋለች" ተብላ ጾም አትቀመጥም። በተለይ ወፍራም ድመት ለሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ በስብ ተወርሮ ለሞት ልትደርስ ትችላለች።

ከአለርጂ ውጪም ቢሆን ስለ ወጥ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይቻልም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ናቸው። ጥሬም ይሁን የበሰለ የቀይ ደም ሴሎቿን ያፈርሳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ከምን እንደሚሠራ የታወቀ ነው። እንጀራ በወጥ አጣቅሶ ለድመት መስጠት ደግነት ቢመስልም ጉዳት ነው። ለእርሷ የታሰበው ሥጋ ሽንኩርትና በርበሬ ሳይነካው ይቀመጥላት።

ሆዷን ብቻ ስትልስ

መላሱ በሆዷ ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ሲበረታ ማሳከክ ላይሆን ይችላል። የፊኛ ሕመም ያለባት ድመት የሚያማትን ቦታ ከውጭ ትልሳለች። ያረጀች ድመት ደግሞ መገጣጠሚያዋ ሲያማት በዚያው ላይ ያለውን ፀጉር ትጨርሰዋለች። ሽንት ቤቷ ደጋግማ እየሄደች ጥቂት ጠብታ ብቻ የምትሸና ከሆነ፣ ደም ከታየ ወይም ስትሸና ከጮኸች ጉዳዩ የቆዳ አይደለም።

ወንድ ድመት ካላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። የወንዱ የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ሊደፈን ይችላል። ሲያምጥ እየታየ ሽንት የማይወጣው ድመት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። እስከ ነገ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ጭርትና ልጆች

እናቶች "እከክ ነው" ብለው የሚሰጉት ፈጽሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ቅርፊት ያለው፣ በተለይ በፊቷ፣ በጆሮዋና በእግሮቿ ላይ የወጣ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። ይህ ፈንገስ ከድመት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ድመት አቅፎ የሚተኛ ሕፃን ደግሞ ቀዳሚው ተጠቂ ነው። አስቸጋሪ የሚያደርገው አንዳንድ ድመት ምንም ምልክት ሳይታይባት ልትሸከመው መቻሏ፣ ዘሩም በፀጉርና በአቧራ ውስጥ ለወራት መቆየቱ ነው።

በሆድና በእግር ውስጥ በኩል በእኩል የተመለጠ፣ ቆዳው ንጹሕ የሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጭርት አይደለም፤ ድመቷን ለማባረርም ምክንያት አይሆንም። በልጁ ቆዳ ላይ ክብ ሽፍታ ከታየ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ድመቷ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ። አንዱን አክሞ ሌላውን መተው በሽታውን ማዟዟር ነው። በሕፃን ራስ ላይ የወጣው ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፤ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ማሰር የለመድነው ቢሆንም የሕፃን ቆዳ እንደሚያቃጥል ሐኪሞች በተደጋጋሚ አይተዋል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የድመት ፀጉር ራሱ አስም ያመጣል የሚለውን ማስተካከል ይገባል። ለድመት አለርጂ የሆነውን ሰው በዋናነት የሚያስነጥሰው በምራቋና በቆዳዋ ቅባት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና ከፀጉሩና ከብናኙ ጋር በቤቱ ይበተናል። ያለ ማቋረጥ ራሷን የምትልስና ፀጉሯን የምትበትን ድመት ባለችበት ቤት አስም ያለበት ልጅ ካለ እንግዲህ የእርሷ መታከም ለእርሱም ዕረፍት ነው። ድመቷ ከመኝታ ክፍሉ እንድትርቅ ማድረግም መልካም ነው። በልብስ ላይ ስለቀረ ፀጉርና ስለ ሶላት የሚነሳውን ጥያቄ ለዑለማዎቻችን እንተዋለን።

ጭንቀቱ እውነት ሲሆን

ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ፣ ያኔ ስለ ጭንቀት መነጋገር ይቻላል። ድመት የለመደችው ሲፈርስ ትረበሻለች። አዲስ ሕፃን፣ አዲስ ድመት፣ የቤት ለውጥ፣ የቤተሰብ አባል መራቅ፣ የዕቃ መዘዋወር ሳይቀር። በረመዷን ሌሊቱ ቀን፣ ቀኑ ሌሊት ሲሆን የምትበላበት ሰዓትም አብሮ ይዘበራረቃል፤ በተቻለ መጠን የእርሷን ሰዓት አለመንካት ነው። በኮንዶሚኒየም፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአውሮፓ በአፓርትማ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ድመት መሰላቸት አለባት። መላስ ያረጋጋታል፣ ስለዚህ ትደጋግመዋለች፤ ከጊዜ በኋላ ምክንያቱ ቢጠፋም ልማዱ ይቀራል። ሲያሚዝ የሚባለው ዘርና በአገራችን የቀድሞ ስም የሚጠራው አቢሲኒያን የተሰኘው ዘር ለዚህ ከሌሎች ይልቅ ይጋለጣሉ።

መፍትሔው ቁጣ አይደለም። እየላሰች የተመታች ድመት ተደብቃ መላስ ትማራለች እንጂ አትተውም። የምትደበቅበት ካርቶን፣ ወደ ከፍታ ወጥታ ውጭውን የምታይበት መስኮት፣ በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በገመድ ጫፍ የሚደረግ ጨዋታ፣ ሁለት ድመት ካለ የየራሳቸው ምግብና የየራሳቸው ሽንት ቤት ብዙ ይለውጣል። ሐኪም አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው የሚያዘው መድኃኒት አለ። አንገቷ ላይ የሚጠለቀው የላስቲክ ጥልቆ ቁስል እስኪድን ይረዳል፤ ብቻውን ግን አፏን ዘግቶ ማሳከኩን እንደ መተው ነው።

በደግነት የሚሰጥ መርዝ

ድመት የምትልስ እንስሳ ናት። በፀጉሯ ላይ የቀባነው ሁሉ በመጨረሻ ሆዷ ይገባል። ጉበቷም ሰውና ውሻ በቀላሉ የሚያስወግዷቸውን ብዙ ኬሚካሎች ማስወገድ አይችልም። ነጭ ጋዝ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ሳንባዋንም ይጎዳል። ማላታይን ለግድግዳና ለማሳ እንጂ ለድመት አካል አልተሠራም። የበግና የከብት መዥገር መድኃኒት፣ የውሻ ቁንጫ ጠብታም እንዲሁ ነው። በብዙ የውሻ መድኃኒት ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣታል፣ ይጥላታል፣ ይገድላታል። ይኸው ፐርሜትሪን ለሰው እከክ በሚሰጠው ቅባት ውስጥም ይገኛል። ቢቢኤል የሚባለው የእከክ ሎሽንም ለድመት መርዝ ነው። ስለዚህ ለልጁ ከጤና ጣቢያ የመጣው ሎሽን ተርፎ ለድመቷ መቀባት የለበትም።

ፓራሲታሞልም ከዚህ አይለይም። "ካመማት ትንሽ እንስጣት" ተብሎ የተሰጠ አንድ እንክብል አንዲት ድመትን ለመግደል ይበቃል። ፊቷና መዳፏ ካበጠ፣ ድዷ ወደ ቡናማ ከተለወጠ፣ መተንፈስ ካቃታት ከዚህ ሊሆን ይችላልና በፍጥነት ወደ ክሊኒክ መውሰድ ነው። የጥቁር አዝሙድ ዘይትና ሌሎች ጠረናም ዘይቶችም ለሰው የሚሰጡት ጥቅም ተቆጥሮ በድመት ፀጉር ላይ አይፈሰሱ። በስህተት የተቀባ ነገር ካለ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ማጠብ፣ እንዳትልስ በፎጣ መጠቅለል፣ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዞ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ ሐኪሙ የሚጠይቃችሁን አስቀድማችሁ አስታውሱ፤ መቼ እንደጀመራት፣ የመጀመሪያው ቦታ የቱ እንደሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ ወቅት ጠብቆ፣ ምን ምን እንደምትበላ፣ ከቤት ትወጣ እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ የሚያሳክከው ሰው አለ ወይ። የተመለጠውን ቦታ በተንቀሳቃሽ ስልክ በየሁለት ሳምንቱ ፎቶ ብታነሱ ለውጡ በዓይን ይታያል። ማሳከኩ ከቆመ በኋላ ፀጉሩ ወዲያው አይመለስም። መጀመሪያ እንደ ቡቃያ የለሰለሰ ጥላ ይታያል፣ ከዚያ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ይሞላል። አንዳንዴ አዲሱ ፀጉር፣ በተለይ በሲያሚዝ ድመት ላይ፣ ከቀድሞው ጠቆር ብሎ ይበቅላል፤ በሚቀጥለው የፀጉር ለውጥ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ አያስደንግጣችሁ።